የዝሆን ገዳይ የልጅ ልጅ

በልጅነቴ ከመርሳ ልጆች ሁሉ የምበልጥ ይመስለኝ ነበር። በትምህርት አልበልጥም፤ በሀብትም አንበልጥም። ነገር ግን በእናቴ የእንጨት ሣጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ የዝሆን ጥርስ አምባር ነበር። አምባሩን ያወረሳት አባቷ ነው። አያቴ ከጣሊያን ወረራ በፊት ጌታውን ተከትሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቆላ በዘመተ ጊዜ ዝሆን ጥሎ ተመለሰ ይባላል። ዓመቱን የሚያውቅ የለም። የቦታውን ስም የሚያስታውስም የለም። ለቤተሰቡ የተረፈው አምባሩና አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ገዳይ።

ያን ጊዜ ዝሆን መግደል ምን ማለት እንደነበረ ለዛሬ ወጣት ማስረዳት ያስቸግራል። ዝሆን የጣለ ሰው ጆሮውን በስቶ ጉትቻ ያደርጋል። በግብር ላይ ሥፍራ ይለቀቅለታል። በሠርግና በለቅሶ ሲፎክር ሰው ጸጥ ብሎ ያደምጠዋል። ልጆቹና የልጅ ልጆቹም ከዚያ ክብር የየድርሻቸውን ይቆርሳሉ። እኔም ድርሻዬን ቆርሼ ነው ያደግሁት። በትምህርት ቤት ከልጅ ጋር ስጣላ "የዝሆን ገዳይ የልጅ ልጅ!" እያልሁ እፎክር ነበር። የሚመታኝ ልጅ ግን በዚህ የተነሣ መምታቱን ሲተው አላየሁም።

በ2007 ዓ.ም. ያ አምባር ፈተና ሆኖ መጣብኝ። ልጄ ልታገባ ነው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ ለግንቦት ተቆርጧል። እናቴ አምባሩን በሠርጓ ቀን በልጅቱ እጅ ላይ ልታጠልቀው ወስናለች። እኔ ደግሞ ከግብርና ሥራ በጡረታ የተገለልሁ፣ የድንኳኑን፣ የበሬውን፣ የጠላውን ጌሾ ሳይቀር በብድር የማስብ አባት ነኝ። በዚህ መካከል ወልድያ ያለ አንድ ነጋዴ በሰው በሰው ላከብኝ። "የዝሆን ጥርስ ዕቃ ካለህ ዋጋው ሌላ ነው" አለ። የጠራልኝ ገንዘብ ድንኳኑንም በሬውንም ይችላል። እናቴ በአንድ ወገን፣ ዕዳ በሌላ ወገን ሆነው አምባሩን ይጓተቱት ጀመር። እኔ መካከል ላይ ነኝ።

መጋቢት 11 ቀን አዲስ አበባ ላይ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ መቃጠሉን በሬዲዮ ሰማን። ከአዳኞችና ከአሸጋጋሪዎች እየተያዘ በመንግሥት እጅ ለዓመታት የተከማቸ ነበር። በ1981 ዓ.ም. የኬንያው ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ አቃጥለው ዓለምን ማስደነቃቸውን አስታውሳለሁ፤ ተራው ወደ እኛ መምጣቱ ነው። ያን ሰሞን የዱር እንስሳት ባለሥልጣናት እንደተናገሩት፣ በሠላሳ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ኢትዮጵያ ከዝሆኖቿ 90 በመቶ ያህሉን አጥታለች። የቀሩት በሀገሪቱ ሁሉ ተደምረው ሁለት ሺህ አይሞሉም።

እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። "ምን አሉ? ክብርን በእሳት?" አለችና ጀበናውን አስቀምጣ ተነሣች። ወደ ጓዳ ገባች። የሣጥኑ ክዳን ሲከፈት፣ ቆይቶም ሲዘጋ ሰማሁ። ተመልሳ መጥታ ቡናዋን ቀዳች፤ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ የሚያሳፍር ነገር ትዝ አለኝ። የዝሆን ገዳይ የልጅ ልጅ ሆኜ ስልሳ ዓመቴን ስደፍን ዝሆን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ክብራችን ከምን አካል ላይ እንደተቆረጠ ሳላውቅ ነው ስኮራበት የኖርሁት። ሊነጋጋ ሲል ወሰንሁ፤ ባቢሌ ሄጄ አያለሁ።

ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ከሐረር በስተምሥራቅና በስተደቡብ፣ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ላይ የተዘረጋ ሰፊ የቆላ ምድር ነው። በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ ተከለለ። በኢትዮጵያ በዝሆን ስም የተከለለ ታዋቂው መጠለያ ይኸው ነው። በዚያ የቀሩት ዝሆኖች ከሌሎች ወገኖቻቸው ተነጥለው የሚኖሩ፣ ቁጥራቸው ከጥቂት መቶዎች የማያልፍ ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ከአንተ የምደብቀው የለም። የተጓዝሁት ዝሆን ለማየት ብቻ አልነበረም። ሐረር የጥንት የዝሆን ጥርስ ገበያ ናት። ከደቡብና ከምዕራብ የመጣው ጥርስ በሐረር በኩል ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ወደብ ይወርድ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ ግጥም ትቶ እዚያ በነገደ ጊዜ ከቡናና ከቆዳ ጋር ጥርስ ይገዛ ነበር። ከወልድያው ነጋዴ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ሐረር ይኖር ይሆናል የሚል ሐሳብ በልቤ ጓዳ ተቀምጦ ነበር። እናቴን አምባሩን ስጪኝ ብዬ ስጠይቃት "ለማን ልታሳየው?" አለችኝ። "ለዝሆኖቹ" አልኋት። ሳቀችና ሰጠችኝ።

የጉዞዬ አጋር ሞተሬ ናት። ያማሃ ኤጂ 100 ትባላለች። የእርሻ ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቃታል። ከሥሪንቃ እስከ ጊራና፣ ከሊብሶ እስከ ውርጌሳ የሐብሩን ገበሬ ማሳ ያዞረችኝ የዚያች ዓይነት ሞተር ነች። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንዷን አሮጌ በጨረታ ገዛሁ። ፍጥነት የላትም፤ ትዕግሥት ግን አላት።

ልነሣ ስል ጎረቤታችን ሼሁ በር ድረስ መጡ። ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ "ልጄ፣ ሞተርህ እንደ አብርሃ ዝሆን መንገድ ላይ ተንበርክካ እንዳትቀር" አሉኝ። የመርሳ ሕፃን ሁሉ በቁርኣን ቤት ሱረቱል ፊልን ስለሚቀራ ቀልዱን የማያውቀው የለም። አብርሃ ከአክሱም የወጣ፣ የመንን የገዛ ሰው ነበር። ዝሆን አስከትሎ መካን ሊያፈርስ ዘመተ። ዝሆኑ ግን ከከተማይቱ ደጃፍ ተንበርክኮ አልነሣም አለ ይባላል። ያ ዘመን ዓመተ ዝሆን ተባለ፤ ነቢዩ መሐመድም የተወለዱት በዚያ ዓመት እንደሆነ ሙስሊሞች ይናገራሉ። "አንቱ ካሉማ አትንበረከክም" ብያቸው ሞተሬን አስነሣሁ።

ዝሆን ለሀገራችን ታሪክ እንግዳ አይደለም። በስድስተኛው መቶ ዓመት የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት የላከው ኖኖሱስ የሚባል መልእክተኛ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲወጣ በመንገድ ላይ አምስት ሺህ ያህል ዝሆን በአንድ ሜዳ ሲግጥ ማየቱን ጽፏል። የእኛን የወሎን ተራራም ዝሆን ረግጦታል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አጼ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲመጡ 44 የህንድ ዝሆኖች በመርከብ አምጥተው ዙላ ላይ አራገፉ። እነዚያ ዝሆኖች ከባድ መድፎችን ተሸክመው በአሸንጌ፣ በዋድላና በደላንታ አልፈው ወደ መቅደላ ተጓዙ። ወደ ገደሉ የወረዱትም ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ለማሳለፍ ባስጠረገው መንገድ ነበር። ዛሬ ከወልድያ ወደ ምዕራብ ወጥቶ ድልብንና ጋሸናን አልፎ ወደ ኮንና ወደ ወገል ጤና የሚሄድ መንገደኛ የእነዚያን ዝሆኖች ዱካ እየረገጠ ነው። ዝሆን ለእኛ ወይ ጠላት ተሸክሞብን የመጣ፣ ወይ ጥርሱን ወስደን የተከበርንበት ነው። ቆመን የተያየንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከመርሳ በማለዳ ተነሣሁ። ውርጌሳን፣ ውጫሌን፣ ሐይቅን አልፌ ደሴ ገባሁ። በኮምቦልቻ በኩል ወደ ባቲ ስታጠፍ አየሩ ይለወጥ ጀመር። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ሚሌ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ። በመኪና የሚጓዝ ሰው ይህን ልዩነት በመስኮት ያየዋል፤ በሞተር የሚጓዝ ግን በቆዳው ነው የሚቀበለው። ደሴ ላይ ጋቢ ከጃኬቴ በታች ነበር። ባቲ ላይ ጋቢውን አወለቅሁ። ከባቲ በታች ጃኬቱን አወለቅሁ። ወደ ሚሌ ስቃረብ ነፋሱ ራሱ ከምጣድ ሥር የወጣ ይመስል ነበር።

የሼሁ ንግር ሚሌ ሳይደርስ ተፈጸመ። የኋላው ጎማ ተነፈሰና ሞተሬ ተንበረከከች። ጥላ የለም፤ ጎሚስታ የለም። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ትልልቅ የጭነት መኪናዎች አቧራ አልብሰውኝ ያልፋሉ። ካላማዳሪውን አውጥቼ ስለጥፍ አንድ ግመል የሚነዳ የአፋር ሰው መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ሠርቼ እስክጨርስ ምንም አልተናገረም። ከዚያ የግመል ወተት አቀረበልኝ። ሁዳዴ ጾም ነበርና እጄን ልቤ ላይ አድርጌ "ጾም ነኝ" አልሁት። በተሰባበረ አማርኛ "መንገደኛ አይጾምም" አለኝ። የነፍስ አባቴ ይፍቱኝ፤ ጠጣሁ።

ሚሌ ላይ የጉምሩክ ኬላ አለ። ተፈታሹ ሲበዛ ተራዬን እየጠበቅሁ ልቤ ይደልቅ ጀመር። አምባሩን ከመቀመጫው ሥር፣ ከመሣሪያ ከረጢቱ ውስጥ ነው ያስቀመጥሁት። ፈታሹ ሻንጣዬን በርብሮ አሳለፈኝ። ኬላውን ካለፍሁ በኋላ ሞተሬን ዳር አቁሜ ላቤን ስጠርግ አንድ ነገር መታኝ። አያቴ በአደባባይ እጁን ከፍ አድርጎ ያሳየውን እኔ ከካንዴላ መፍቻ ጋር ደብቄዋለሁ። አምባሩ ያው ነው። ክብር የነበረው ነገር ወንጀል የሆነው በሦስት ትውልድ ውስጥ ነው።

ሁለተኛውን ቀን ገዋኔን አልፌ አዋሽ ሰባት አደርሁ። በሦስተኛው ቀን ከሚኤሶ ወደ አሰበ ተፈሪ ሽቅብ ስወጣ ሞተሬ በሁለተኛ ማርሽ አቃሰተች፤ እኔ ደግሞ ብርድ አገኘሁና ጃኬቴን መልሼ ለበስሁ። ሂርናን፣ ቁልቢን አለፍሁ። ቁልቢ ገብርኤልን ከመንገዱ ላይ ተሳለምሁ። ሐረማያ ስደርስ ሐይቁ ከደረቀ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። በፎቶግራፍ የማውቀውን ውኃ ፈልጌ ያገኘሁት ሜዳ ነው። ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ በሦስተኛው ቀን ማታ ሐረር ገባሁ። ሐረር ጅቦቿን በእጇ የምታጎርስ ከተማ ናት። ያን ማታ አጥንት ሲጎርሱ አይቼ፣ እኛ የምንፈራውን አውሬ እነሱ በስም ይጠሩታልና፣ ከአውሬ ጋር ለመኖር ብዙ ዓይነት መንገድ አለ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ፈቃድ አውጥቼ ከአንድ የመጠለያው ጠባቂ ጋር ተገናኘሁ። የአካባቢው ተወላጅ ነው። ጠመንጃውን በጀርባው አንግቦ ከኋላዬ ሞተሩ ላይ ተፈናጠጠ።

"ጋሼ፣ ከየት ነው የመጡት?"

"ከወሎ፣ ከመርሳ። ከወልድያ ወረድ ብሎ ነው።"

"ወልዲያማ እኛም አለን" ብሎ ሳቀ። በኤረር ሸለቆ ኤረር ወልዲያ የሚባል ቀበሌ እንዳለ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። "መርሳስ ምን ማለት ነው?" ሲለኝ፣ "በአማርኛ ከመርሳት ጋር ይመሳሰላል" አልሁት። "እንግዲህ ከማይረሱት ጋር ላገናኝዎ ነው" አለኝ።

ሞተሬን በሸለቆው ጠርዝ ካለ አንድ ገበሬ ደጃፍ አቆምናት። ገበሬው ማሽላና ለውዝ የሚያመርት ሰው ነው። ዝሆን ለማየት መምጣቴን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ባለፈው መከር አንድ ሌሊት መጥተው ማሽላውን እንደበሉበት ነገረኝ። "ለአንተ ትርዒት ነው፤ ለእኔ የዓመት እንጀራ ነው" አለ። አንድ ትልቅ ዝሆን በቀን ከ100 ኪሎ በላይ ቅጠልና ሣር እንደሚበላ ከማንበቤ በስተቀር የምመልስለት አልነበረኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ገበሬ ያማከርሁ ሰው ነኝ፤ ፌንጣና ተምች ሲመጣ የምለው ነበረኝ። ለዚህ ግን ቃል አጣሁ። ጠባቂውም አልተከራከረውም። "እውነቱን ነው" ብቻ አለኝ፣ ራቅ ካልን በኋላ። "ሰው በየዓመቱ ወደ ታች ይወርዳል። ዝሆኑ ደግሞ የሚሄድበት የለውም።"

በእሾህና በቁልቋል መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዝን። እኛ ሀገር ልጆች የሚለቅሙትን በለስ ዝሆኖቹ ከነእሾሁ አኝከውት አገኘን። ግንዱ የተገነጠለ ግራር፣ ከደረቀው የሚሞቅ ፋንድያ፣ በአሸዋው ላይ የድፎ ዳቦ ያህል ክብ ዱካ አየን። ጠባቂው አፈር ዘግኖ በነፋስ በተነ፤ ሽታችን ወደ የት እንደሚሄድ ሊያይ ነው። ከዚያ እጁን አነሣና ቆምን።

በመጀመሪያ የሰማሁት ቅርንጫፍ ሲሰበር ነው። ቀጥሎ ከሩቅ እንደሚመጣ ነጎድጓድ ያለ፣ ጆሮ ሳይሆን ደረት የሚሰማው ድምፅ መጣ። ከበታቻችን በወንዙ ዳር ዛፉ ተከፈተና አንዷ ወጣች። ቀጥላ ሌላዋ። ስምንት ቆጠርሁ። ግራጫ አልነበሩም፤ የሸለቆውን ቀይ አፈር ለብሰው ራሱን መሬቱን ይመስሉ ነበር። አንዲቱ አሮጊት ቀድማ ቆማ ጆሮዋን ዘረጋች። ሌሎቹ እሷ እስክትንቀሳቀስ አልተንቀሳቀሱም። የዝሆን ቤተሰብ የሚመራው በዕድሜ በገፋችው ሴት እንደሆነ ጠባቂው በሹክሹክታ ነገረኝ። ውኃ የት እንዳለ፣ በድርቅ ወዴት እንደሚኬድ የምታውቅ እሷ ናት።

ከእግሮቿ መካከል ግልገል ነበረች። ዝሆን ግልገሏን 22 ወር ነው የምታረግዘው። ትንሿ ኩምቢዋን የምታደርግበት ጠፍቷት ስትወዘውዘው፣ እናቷን ስትገፋ፣ እናቲቱም በጥርሷ ግራር ሰንጥቃ ቅርፊቱን ስትጥልላት አየሁ። በዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። በሣጥን ውስጥ ያየሁት ነገር ሁልጊዜ አምባር ነበር። እዚህ ግን ጥርስ ነው፤ ከአፍ የወጣ፣ የሚሠራ፣ እናት ልጇን የምታበላበት። ቃሉ ራሱ ሲነግረን ኖሯል፤ የዝሆን ጥርስ እያልን እየጠራነው ጥርስ መሆኑን አላሰብንም።

ዝሆኖቹ ወደ ጥሻው ሲመለሱ ጠባቂው ሌላ ቦታ ወሰደኝ። የቆየ አጥንት ነበር። የራስ ቅሉ ፊት በመጥረቢያ ተፈልፍሏል። የጥርሱ ሲሶ ያህል የሚቀበረው በራስ ቅሉ ውስጥ ስለሆነ፣ ሙሉውን የሚፈልግ ሰው ፊቱን እንዳለ ይፈነቅላል። "ሌሎቹ በዚህ ሲያልፉ ይቆማሉ" አለኝ ጠባቂው። "አጥንቱን በኩምቢያቸው ይዳስሱታል። ከዚያ ይሄዳሉ።"

"ጋሼ፣ ይህን ያህል መንገድ በሞተር የመጡት ለምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ ስንመለስ። አምባሩ በደረቴ ኪስ ውስጥ ነበር። "የዝሆን ገዳይ የልጅ ልጅ ነኝ" የሚለው ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ መጣ። ስልሳ ዓመት ያልከዳኝ ዓረፍተ ነገር ነው። አልወጣም አለኝ። "ለማየት ብቻ" አልሁት።

ሐረር ላይ ማንንም አልጠየቅሁም። በመጣሁበት መንገድ ተመለስሁ። ሼሁ ደጃፍ ላይ አገኙኝና "ተንበረከከች?" አሉኝ። "አዎ፣ ሚሌ ሳይደርስ" ስላቸው ከልባቸው ሳቁ።

ለእናቴ ያየሁትን ሁሉ ነገርኋት። ስለ አሮጊቷ መሪ፣ ስለ ግልገሏ፣ ስለ ራስ ቅሉ። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

"አባቴ የጣላት ሴት ኖራለች?"

"ማን ያውቃል፣ እማዬ።"

አምባሩን ከእጄ ተቀብላ ወደ ብርሃን አዞረችው። ወዲያና ወዲህ ስታገላብጠው ቆየች። ሴት ወይም ወንድ መሆኑ የተጻፈበት ይመስል። መልሳ በነጩ ጨርቅ ጠቀለለችውና ሣጥኑን ቆለፈችው። ሠርጉ በግንቦት ተፈጸመ። ልጄ አምባር አላጠለቀችም፤ እኔም ነጋዴውን አልፈለግሁትም። የበሬውን ዕዳ ከፍዬ የጨረስሁት በሁለት ዓመቴ ነው። ለመንግሥት ልታስረክበው ይገባ ነበር የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነቱን ነው። ነገር ግን አምባሩ የእኔ አልነበረም፤ እናቴን ከአባቷ ክብር ጋር አስታርቆ ለመለየት ደግሞ አንድ ጉዞ አልበቃም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ደረሰ። እናቴ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ሞተሬን አስነሥቼ ከኋላዬ አስቀመጥኋትና በጋቢዋ ከወገቤ ጋር አሰርኋት። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በሰው፣ በከብትና በመኪና ተጨናንቆ ነበር። የተኩስ ድምፅ ይሰማል። ወዴት እንደምዞር ግራ ሲገባኝ እናቴ ከጀርባዬ በእጇ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። "በቀኝ ያዝ፤ በሸንተረሩ" አለችኝ። ጭቃ የሆነ የእግር መንገድ ነው። "ታውቂዋለሽ?" አልኋት። "በ77 ሄጄበታለሁ" አለችኝ።

በ1977ቱ ድርቅ እኔ በሥራ ጎጃም ነበርሁ። ታናናሾቼን ይዛ በዚያ መንገድ ወደ ደሴ መጓዟን በወሬ አውቃለሁ፤ ያለፈችበትን ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። አሁን በእያንዳንዱ መታጠፊያ እየነገረችኝ ሄድን። እዚህ ዋርካ ሥር አድረናል። ከዚህ ቤት ውኃ ሰጥተውናል። ከኋላችን ሌሎች ሰዎች ይከተሉን ጀመር። በታንዛኒያ ታራንጊሬ በሚባል ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1993 ድርቅ ሲገባ ከፓርኩ ወጥተው የሄዱት የዝሆን ቤተሰቦች ግልገሎቻቸውን በተሻለ አድነዋል። መሪዎቻቸው በዕድሜ የገፉ ነበሩ፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበረውን ድርቅ ያስታውሱ ይሆናል ብለው ያጠኑት ሰዎች ይገምታሉ። እኔ ጥናት አላስፈለገኝም። የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር።

ደሴም ስትያዝ ወደ ደብረ ብርሃን ተጓዝን። እዚያ ሳለን ስለ ባቢሌ ብዙ አሰብሁ። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰው ሲፈናቀል መጠለያው በዚያው ወሰን ላይ ነበር። ቤት የሌለው ሰውና ቤት የሌለው ዝሆን በአንድ ሸለቆ ውስጥ ሲገፋፉ ማን በማን ይፈርዳል? ማሽላው የተበላበት ያ ገበሬ በዓይኔ መጣ። የእኛንም ማሳ ያን ጊዜ ማን እንደሚበላው አላውቅም ነበር።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወደ መርሳ ተመለስን። ቤቱ ቆሟል፤ በሩ ግን ተገንጥሏል። ምጣዱ የለም፤ ብርድ ልብሱ የለም፤ እህሉ የለም። የእንጨቱ ሣጥን ክዳኑ ተሰብሮ በግንባሩ ተደፍቷል። ነጩ ጨርቅ መሬት ላይ ነበር።

እናቴ የጠፋውን ሁሉ ለሼሁ ስትቆጥርላቸው አጠገቧ ነበርሁ። ሰታቴውን፣ ሁለቱን ላሞች፣ የአባቴን ካፖርት ሳይቀር ቆጠረች። አምባሩን አልጠራችውም። ሼሁ ሲሄዱ ቀስ ብዬ "አምባሩን ረሳሽው?" አልኋት።

ጨርቁን ከመሬት አንሥታ አቧራውን አራገፈች፤ አጣጥፋ በጉያዋ ያዘችው።

"አልረሳሁትም" አለችኝ። "እሱ የኛ አልነበረም።"